በባዶ ወንበሮች ተሞልቶ ወደ ቪንድሆልም ስለተጓዘው መርከብ

ለክቡር አቶ ሃልቫር ቲነስ
የኖርድስቪንግ የመርከብ ጉዞ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በተሟላ ጤንነት፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ማንም እንዲነሡ በማይጠይቅዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። የጥቅምት ነፋስ በመስኮትዎ አይግባ፤ ስልክዎም ያለ ቀጠሮ አይጥራ።

እኔ ራግና ኦስትቦ እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሲሆን በሞልደ ከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ እንደማልችል ጎረቤቶቼም ይመሰክራሉ፤ ይህንን ደብዳቤ እንኳ ወጥ ቤት ቆሜ ጀምሬው፣ ደረጃ ላይ ቀጥዬው፣ አሁን ደግሞ የመነሻ ሰዓቴ እስኪደርስ ወረቀቱን መሪ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልዎ። የእጅ ጽሑፌ ቢንገጫገጭብዎ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን የመጣንበትን ጉዳይ ልንገርዎ።

አባቴ አንፊን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ቶርጌር የሚኖረው በቪንድሆልም ደሴት፣ በመርከብዎ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው በሞተች በዓመቷ አጎቴ የእሷን ትንሽ ጀልባ ለአባቴ ሳይነግር ሸጣት፤ አባቴ ተቆጣ፤ አጎቴ አኮረፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ የቤተሰብ አባል ሆኖ አብሮን ኖረ።

መስከረም ላይ ስልክ ተደወለ። "አንፊን አለ?" አለ አንድ የሻከረ ድምፅ። "ማን ልበለው?" ብል፣ "ወንድምህ ነው በይው፤ ካልፈለገ ግን ስህተት ቁጥር ነው በይው" አለኝ። አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ነው የያዘው። አጎቴ የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነበር፤ ከዚያ በፊት ለመተያየት ተስማሙ። ቀዶ ጥገናው ገና ስለነበር ለዓርብ ተቀጣጠሩ፤ እኔም ከእርስዎ ድርጅት ለሁለታችን የዓርብ ትኬት ቆረጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ግን ሆስፒታሉ ለአጎቴ ደወለለት። ተራው ቀርቦ ነበር፤ ረቡዕ ማለዳ ከደሴቱ ይወስዱታል፤ በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ይደረግለታል። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ሆይ፦ ሆስፒታሉ የአንድን ሰው ልብ የሚከፍትበትን ቀን በአንዲት ነርስ ስልክ ቀየረው። እኔ የቀረኝ ሁለት ወንበር ከዓርብ ወደ ማክሰኞ ማዛወር ብቻ ነበር። ምን ያህል ቀላል እንደመሰለኝ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

፩. ስለ ትኬት መስኮቱ አመሰግናለሁ። ወደብ ላይ የነበረችው መስኮት፣ እነዚያ ሰውን በስሙ ጠርተው "ደህና ነህ ወይ?" የሚሉ ሰዎች የነበሩባት፣ በሰሌዳ ተዘግታ በላይዋ የአንዲት ፈገግ ያለች ሴት ትልቅ ፎቶግራፍ ተለጥፎባታል። "ሁልጊዜ አብረንዎ ነን" ይላል ከሥሩ። ፎቶግራፏን ሁለት ጊዜ አነጋገርኳት። ትዕግሥቷ የሚያስደንቅ ነው።

፪. ፍሪዳ ስለምትባለው፣ በስልክ ውስጥ ስለምትኖረው ረዳታችሁም አመሰግናለሁ፤ ሰው አለመሆኗን ራሷ በትሕትና ነግራኛለች። "ትኬቴን ከዓርብ ወደ ማክሰኞ መቀየር እፈልጋለሁ" ብዬ ጻፍኩላት። "በደስታ እረዳዎታለሁ! ትኬትዎ የማይቀየር ነው" አለችኝ። ምክንያቴን ባስረዳት ይገባታል ብዬ፣ "አጎቴ ልቡ ሊከፈት ነው" አልኳት። "ልብዎን ስለከፈቱልን እናመሰግናለን" ስትል መለሰችልኝ። ይህን ለአባቴ ሳነብለት አንድ ጊዜ ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን መልበስ ጀመረ። ሰው የማናገርበት ቁጥር እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ የሰጠችኝ ቁጥር ዞሮ ዞሮ ወደ እሷው ወሰደኝ።

፫. የዓርቡን ትተን ሌላ ትኬት ለመግዛት ስንሞክር፣ የማክሰኞው መርከብ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላቱን ስላሳወቃችሁን አመሰግናለሁ። አባቴ ግን የድሮ ሰው ነው።

"እንሂድና ወደቡ ላይ እንቁም" አለ።

"አባዬ፣ ሞልቷል እኮ ይላል።"

"ማነው የሚለው?"

"ስልኩ ነዋ።"

"ስልኩ መርከቡ ላይ ነው ያለው?"

ስለዚህ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወደቡ ላይ ቆምን። ቆምን ማለቴ እሱ ቆመ፤ እኔ ከመብራቱ ምሰሶ እስከ ገመድ ማሰሪያው እመላለስ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ጨረስሽው" ይለኝ ነበር። መርከብዎ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ተሳፋሪዎች ገቡ። ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። በመስኮቶቹ ውስጥ የወንበሮቹ ጀርባ ረድፍ በረድፍ ይታየኝ ነበር፤ አንድም ጭንቅላት የለባቸውም።

ነገሩን ያስረዳችን በሩ ላይ ትኬት የምታየው ባሕርተኛችሁ ናት። ዮሩን ሆቭደን ትባላለች፤ በእርስዎ መርከቦች ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ደሴቱ ላይ ለሚያደርገው ስብሰባ ስልሳ ወንበር ይዞ ኖሯል። ስብሰባው ሰኞ ተሰረዘ። ሰዎቹ ወንበሮቹን መልሰው ለሌላ ሰው እንዲሰጡላቸው ቢለምኑ፣ የማይሰረዝ ነው ተባሉ። እንግዲህ ማንም ያልፈለጋቸው ወንበሮች፣ ለማንም የማይሰጡ ሆነው፣ በክብር ተጓዙ ማለት ነው።

ዮሩን መጀመሪያ ሥራዋን ነው የሠራችው። የትኬት ማንበቢያ መሣሪያዋን ወደ ስልኬ ብታስጠጋው ቀይ በራ።

"ትኬታችሁ የዓርብ ነው" አለች።

"እናውቃለን።"

"እንግዲያው ዓርብ ኑ።"

ያን ጊዜ አባቴ ከኋላዬ ወጥቶ፣ "ዓርብ ወንድሜ እዚያ የለም" አላት።

"የት ሊሄድ ነው?"

"የሐኪም ቢላ ሥር።"

ዮሩን እሱን አየችው፤ ወደ መስኮቶቹ ዞረች፤ ከዚያ ማንበቢያውን ቀበቶዋ ላይ ሰቀለችው። አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ "ካፒቴን! ሁለት ሰው አለኝ፤ ማሽኑ አልፈልጋቸውም ይላል!" ብላ ጮኸች።

"አንቺስ?" አለ ከላይ አንድ ድምፅ።

"እኔማ እፈልጋቸዋለሁ!"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዓቱ ሄደ እኮ!"

ስማችንንና ዕድሜያችንን በእርሳስ መዝገቧ ላይ ጻፈች፤ ጠቅላላ አሥራ ሦስት ተሳፋሪ መሆናችንን ለካፒቴኑ ነገረችው፤ የሕይወት አድን ጃኬቶቹ የት እንዳሉ አሳየችን። ይህን የምጽፍልዎ በኋላ "ማን እንዳለ የማይታወቅበት መርከብ" የሚል ቃል ከቢሮዎ ስለወጣ ነው። ይታወቅ ነበር። የአባቴን የጫማ ቁጥር ብትጠይቋት እንኳ የምትነግራችሁ ይመስለኛል። ዋጋውን እንክፈል ብንልም መሣሪያው በሞላ መርከብ ላይ አልሸጥም አለ።

በመንገድ ላይ አባቴ መቀመጥ አቃተው። ከአንዱ ባዶ ወንበር ተነሥቶ ሌላው ላይ ይቀመጣል፤ በግራ መስኮት ያያል፤ በቀኝ ያያል። የእኔ አለመርጋት ከየት እንደመጣ ያን ዕለት ገባኝ። ዮሩን ከምሳ ዕቃዋ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ ቆርሳ ሰጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ስታገኘው ምን ልትለው ነው?"

"እንጃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምለውን ሳጠና ኖርኩ፤ አሁን አንዱም ትዝ አይለኝም።"

"እንግዲያው በአየሩ ጀምር። የአየሩ ነገር ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።"

አጎቴ ከቤት እንዳይወጣ ሐኪም የከለከለው ሰው፣ የክት ካፖርቱን ለብሶ የደሴቱ ወደብ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ቆሙ።

"ነፋስ አለ" አለ አባቴ።

"ከሰሜን ነው" አለ አጎቴ። ከዚያም፣ "አርጅተሃል።"

"አንተም ብትሆን ያው ነህ።"

ቤት ገብተን የዓሣ ሾርባ ቀረበ። አጎቴ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ጀልባዋን የሸጥኳት ገንዘቡን ፈልጌ አይደለም" አለ። "ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት እዚያው ታስራ አያታለሁ። እናታችን አሁን መጥታ የምትገባባት ይመስለኛል። አልቻልኩም፣ አንፊን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትስቅብኛለህ ብዬ።"

አባቴም ማንኪያውን አስቀመጠና፣ "አዎ፣ እስቅብህ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ፣ ክቡር ሆይ። አጎቴ ደረቱን ይዞ "አታስቀኝ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ አቆየኝ" እያለ ሳቀ። እኔ ሳህኖቹን ይዤ ተነሣሁ፤ ያልቆሸሹትንም ጭምር አጠብኩ።

ረቡዕ ማለዳ ወሰዱት። ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ልቡ ዛሬ እንደ ወጣት ልብ ይመታል። ነገር ግን በማግስቱ ሌሊት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ከዚያ ወዲህ አጎቴ መናገር አይችልም። ሰው ያውቃል፤ እጅ ይጨብጣል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ሐኪሞቹ ይመለስ ይሆናል ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ አይሉም። አባቴ በየሳምንቱ እየሄደ አጠገቡ ይቀመጣል። የሚያስገርመው ነገር፣ እዚያ ሲሆን አይቁነጠነጥም።

በእርስዎ ትኬት ዓርብ ሄደን ቢሆን ኖሮ የምናገኘው የተቆለፈ በር ነበር፤ ከዚያ በኋላም መልስ የማይሰጥ ወንድም።

፬. የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ዮሩን ነው። ላመሰግናት ኬክ ይዤ ወደብ ብወርድ በሩ ላይ የቆመው የማላውቀው ሰው ነበር። "ከመርከብ አውርደዋታል" አለኝ፤ "መጋዘን ነው ያለችው፣ ገመድ ትቆጥራለች።" ካፒቴኑ የፈቀድኩት እኔ ነኝ ብሎ ቢጽፍልዎም የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የወጣው በእሷ ስም ነው፤ "ያልተመዘገቡ ሰዎችን በማሳፈር" ይላል። ደወልኩላት።

"ተዪው፣ ራግና" አለችኝ። "ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል፤ ገመድም አይከፋም።"

"ትጸጸቻለሽ?"

"ነገም ብትመጡ አሳፍራችኋለሁ። የማሳፍርበት መርከብ ነው የጠፋው።"

ክቡር ሆይ፣ እኔም በሰዓት የምሠራ ሰው ነኝ። አውቶቡሴ ሊነሣ ሲል በመስታወት ውስጥ አንድ ሰው ቦርሳውን አቅፎ ሲሮጥ አያለሁ። ልጠብቀው የሚገባኝ መሆኑን የሚነግረኝ መሣሪያ የለም፤ ፊቱን አይቼ እወስናለሁ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ፤ ለአውቶቡስ ሳይሆን ለጤናው የሚሮጥ ሰው ጠብቄ አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ይህች ትንሽ ውሳኔ ከእጄ እንዳትወሰድ ስሠጋ ኖሬአለሁ፤ የቀረው ነገር ሁሉ መሪ ማዞር ብቻ ነውና። ከዮሩን የወሰዳችሁትም ይህችኑ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ ጥቂት ነው። ዮሩን ሆቭደን ወደ መርከቧ ትመለስ። የተሰጣት ማስጠንቀቂያ ይሰረዝ፤ የሚሰረዝ ዓይነት ከሆነ። ሰው የማይፈልገውን ወንበር መልሶ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ይፈቀድ። ወደብ ላይ ደግሞ፣ መስኮት ባይሆን እንኳ አንድ ተራ ወንበር ይቀመጥና አንድ ሰው ይቀመጥበት፤ ፈገግ ባይልም ግድ የለንም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የድርጅትዎ ትርፍ እንዲበዛ፣ በታመሙ ጊዜም የሚያስታምምዎ በስልክ ውስጥ የሚኖር እንዳይሆን የምመኝልዎ፣

በደንቡ መሠረት ያልተመዘገበችው ተሳፋሪዎ፣
ራግና ኦስትቦ
ሞልደ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት በእጄ ላደርስልዎ ዋናው መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። በሩ በስልክ ቀጠሮ ላልያዘ ሰው እንደማይከፈት የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ። በጓሮ በኩል ባልዲ ይዛ የወጣች አንዲት ሴት ግን ስዞር አይታ፣ "ምን ፈልገሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እጇን በሽርጧ አድርቃ ፖስታውን ተቀበለችኝ፤ ጠረጴዛዎ ላይ እንደምታስቀምጠውም ቃል ገባችልኝ። ስሟን ጠይቄ አውቄዋለሁ። በእርስዎ ቤት ሰውን የረዳ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ግን አልጽፍልዎም።