ሁሉም ይቅርታ ጠየቀኝ

ናዝሬት
የካቲት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለንዋይ
ድሬዳዋ

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው። ልሰርዘው አስቤ ወረቀት ማበላሸት ጠላሁ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ የአንተን ጤና ከአንተ የደበቀ ሰው የለም።

ዛሬ የሴቶች ቀን ስለሆነ ከቀበሌያችን ሴቶች ጋር በዚህ በናዝሬት ፀሐይ ስሰለፍ ዋልኩ። «የሴቶች እኩልነት ይከበር!» የሚለውን ጨርቅ በአንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግራ ክንዴ አልነሳ ስላለኝ በቀኜ ያዝኩት። ለምን እንደማይነሳ አሁን አውቃለሁ። አንተ ግን ከኅዳር ጀምሮ ታውቃለህ።

እንዴት እንደደረስኩበት ልንገርህ። ጎረቤታችን እትዬ ከሪማ፣ ፍየሏ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ከበላችብኝ ወዲህ ሰላምታ እንኳ እንዳልነበረን ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት የዚያችኑ ፍየል ወተት በጣሳ ይዛ መጣች።

«ሸዋዬ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ። ምን ተገኘ?»

«ምንም። ሰው አይደለን?» ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ ዳይሬክተራችን፣ ያ በስብሰባ ፊት «አድሃሪ» ብሎ የሰደበኝ ሰው፣ ቢሮው ጠርቶኝ «በመካከላችን የነበረው ይቅር» አለኝ። ቀጥሎ እናትህ መጡ። ከተጋባን ጀምሮ «መካኗ» ሲሉኝ የኖሩት እማማ አበዛሽ ጉልበቴን ይዘው «ልጄ፣ ማሪኝ» አሉ።

በአገራችን ሰው እየተከታተለ ይቅርታ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ አይጠፋኝም።

«እማማ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ክፉ አይንካሽ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ማነው የነገረሽ?»

ለእናትህ ነግረሃል። እሳቸው ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለትምህርት ቤት። ከተማው ሁሉ ሲያውቅ የጡቱ ባለቤት አታውቅም!

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ አንተ በኅዳር ወደወሰድከኝ ሐኪም።

«ለባለቤትሽ ነግሬዋለሁ እኮ» አለኝ።

«ታማሚዋ እኔ ነኝ።»

«ለሕመምተኛ እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይነገርም። ትደነግጫለሽ።»

«ደንግጬ ጨርሻለሁ። ይንገሩኝ።»

ነገረኝ። የጡት ካንሰር ነው። ወደ ብብቴና ወደ ጀርባ አጥንቴ ስለሄደ ጡቴን ብቻ መቁረጥ አይበቃም። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት የሚደረገው እንቁላል የሚያፈሩትን ሁለቱን ዕጢዎች ማውጣት ነው፤ በሽታውን የሚመግበው ከእነሱ የሚመነጨው ሆርሞን ነውና። «አያድንሽም» አለኝ። «ግን ሊያስታግሰው፣ ጊዜም ሊሰጥሽ ይችላል።»

«ታዲያ ለምን አልተደረገልኝም?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ባለቤትሽ ገና ልጅ አልወለድንም፣ ይቅር አለ።»

ይቅር! እነዚያን ዕጢዎች በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በጠመኔ የምስለው እኔ ነኝ። የእኔዎቹን ግን አንተና ሐኪሙ በር ዘግታችሁ ወሰናችሁባቸው፤ እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ኮትህን ይዤልህ ነበር። ወጥተህ «እባጭ ነው፣ ይከስማል» አልከኝ። ቫይታሚን ገዝተህ ሰጠኸኝ፤ እኔም ማታ ማታ እየመረቅኩህ ዋጥኩት። የራራህልኝ መሰለህ? ያ ርኅራኄህ እኮ ጊዜዬን ነው የበላው። የእኔን ጊዜ፣ ንዋይ!

ልጅ የፈለግከው አንተ ብቻ መሰለህ? እኔ ስም ሁሉ አውጥቼለት ነበር። አልነግርህም።

ዕጢዎቹ እንዲወጡ ፈርሜያለሁ። ሐኪሙ «የባል ፊርማ» ሲለኝ «የሚቀደደው ባሌ አይደለም» አልኩት። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ሕመሙ ሲበረታ ማስታገሻ እንዳይነፍገኝ፣ ክፉም ሆነ ደግ ውጤቱን አስቀድሞ ለእኔ እንዲነግረኝ ቃል አስገብቼዋለሁ።

እናትህ «አብሬሽ ካልሄድኩ» ብለው ስንቅ ቋጥረዋል። እንቢ አላልኳቸውም።

አንተን ና አልልህም። የቤቱን ቁልፍ እትዬ ከሪማ ዘንድ እተወዋለሁ፤ እንድታውቀው ያህል ነው። ባቡሩ ላይ ሌሊት ይበርዳል። ኮትህን ግን ከእንግዲህ ራስህ ትይዛለህ።

ባለህበት አምላክ ይጠብቅህ። ተቆጥቼ ብጽፈውም ምርቃቱ ከልቤ ነው። ከመጣህ እንደሌሎቹ ይቅርታ እንዳትለኝ፤ ይቅርታ ጠግቤያለሁ። በሕይወት ካለ ሰው ጋር እንደሚጣሉት አድርገህ ተጣላኝ።

ሚስትህ
ሸዋወርቅ