ተፈትቶ የቀረው መኪናህ

ጌትዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው በረዶ ወረደ። አንተ ያለህበት ብርድ እንደሌለ ፓስተራችን ነግሮናል፣ እኔም አምኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ሩት በቁመት በልጣኛለች፤ እንግሊዝኛዋ ደግሞ አማርኛዋን ውጦ ሊጨርሰው ነው። እኔ ያው ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል፣ ያው ሱቅ ውስጥ ነኝ። የምመላለሰው በአውቶቡስ ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ አንተ እንደተውከው ስለቆየ ነው፤ የዛሬው ደብዳቤዬም የሱ ነገር ነው።

አሮጊቷን መኪናችንን በሸጥን ጊዜ ፊትህ ጠቁሮ ነበር። እሷን በጆሮህ ነበር የምታክማት። ኮፈኑን ከፍተህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጥና «ካንዴላ ነው» ትላለህ፤ ካንዴላ ሆኖ ይገኛል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግማሹ ቴምፕል ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ መኪናውን ይዞ ይሰለፍ ነበር። እኔ የእጅ መብራት ያዥህ ነበርኩ። ዓይኔ ወዲያ ወዲህ ሲል መብራቱም አብሮ ይሄድና ትቆጣለህ፦ «አንቺ የምታይውን አይደለም፣ እኔ የማየውን አብሪልኝ።»

በምትኳ የገዛነው ይሄኛው መኪና ግን ለጆሮህ የማይገዛ ሆነብህ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ምልክት በራች፤ «ቼክ ኢንጂን» ትላለች፣ ምኑን ቼክ እንደምታደርግ ግን አትናገርም። ሴንሰር ቀየርክ፤ ጠፋች። ፉጨትህን ሳትጨርስ ተመልሳ በራች። ሩትን ላይብረሪ ሰደህ ኢንተርኔት በሚሉት ነገር አስፈለግካት፤ ይዛ የመጣችው ወረቀት ወደ ሻጩ ውሰዱት ይላል። አንዱ ሽቦ ሲበላሽ ጥፋቱን ሌላው ላይ ስለሚያላክክ፣ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚል ኮምፒውተር!» እያልክ ትራገም ነበር። ሞተሩ እንኳንስ መፍቻ እጅ አያስገባም፤ ክርንህ ሳይላጥ የዋለበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም። አንድ እሑድማ የጸሎት ቡድናችን ሽማግሌ ጋሼ ወርቁ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ምልክቷ ጠፋች። ሰኞ ስትበራ «ጋሼ የጸለዩት ለሞተሩ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ማን ይጸልይለት» ብለህ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቅከኝ። ሳቅህ ናፍቆኛል ጌትዬ።

የእናትህ መርዶ የመጣበት ጠዋትም ከዓይኔ አይጠፋም። ብቻህን እንዳትሰማው ብለው ከአገር ቤት የደወሉት ለጋሼ ወርቁ ነበር። እሳቸው የጸሎት ቡድኑን አስከትለው በማለዳ መጡ። አንተ መኪኖቹ ተደርድረው በመስኮት ስታይ፣ ብርዱ የሁሉንም መኪና ያሳመመባቸው መሰለህ። ፒጃማህ ላይ ጃኬት ደርበህ መፍቻህን ይዘህ ወጣህ። የጋሼን ኮፈን ከፈትክ፣ አስነሳህ፣ አዳመጥክ። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ምንም የለውም» አልካቸው። ከዚያ ቀና ብለህ ፊታቸውን አየህና መፍቻው ከእጅህ ወደቀ።

የአንተን መርዶ ደግሞ ልንገርህ፤ አንተ አላየኸውም።

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ የሌሊት ሺፍት ገብተህ ነበር። መኪናው ተፈትቶ ስለነበር የሥራ ጓደኛህ ዮናስ ነበር የወሰደህ፤ ጠዋት ስትመለሱ አብራችሁ ልትገጥሙት ተቀጣጥራችኋል። ልብህ እዚያው ሥራ ላይ መቆሙን፣ ከሆስፒታል ሊደውሉልኝ ሲሉም ዮናስ «በወጋችን እኛ እንነግራታለን» ብሎ መለመኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ጠዋት የዮናስ መኪና በር ላይ ቆመ፤ ከኋላው የጋሼ ወርቁ። እኔ ልትገጥሙ የመጣችሁ መሰለኝ። ጋራዡን ከፈትኩ፣ የእጅ መብራቱን ከሚስማሩ አውርጄ አበራሁ። ዮናስ ገብቶ ክፍቱ ኮፈን ሥር አንገቱን ደፋ። ምንም አይነካም፣ ያያል ብቻ። እኔም አበራለታለሁ። «ጌትዬን መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጣለው እንዴ?» አልኩት። ጋሼ ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ የእናትህን ጠዋት አስታወስኩ። መብራቱን ከእጄ ያስለቀቁኝ በግድ ነው።

ለቅሶህ ላይ ሰዉ ቤቱን ሞልቶ ስለተረፈ ወንዶቹ ጋራዥ እንዲቀመጡ ተባለ። ሴቶቹ እኔን ለማገዝ ተረባርበው ጋራዡን ጠርገው አጸዱት። ብሎን ስትፈታ በእንቁላል ካርቶን ላይ በየተራው መደርደርህን ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ሁሉንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጡት። ለአንተ ክብር ብለው ያደረጉት ነውና ማንን እቀየማለሁ? መኪናው ግን አንጀቱ እንደተዘረገፈ ቀረ። ሩት ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። «ማሚ ፕሊስ፣ ጃንክ ያርድ ይውሰደው፣ አይ ካንት ሉክ አት ኢት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንተ የፈታኸው ሳይገጠም ወደ ብረት መጣያ በሰንሰለት ተጎትቶ ሲወጣ ማየት አልችልም። ዳግመኛ የምቀብርህ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን ሲያቀልጠው ዮናስና ጋሼ ወርቁ መጡ። ቀድመው ደወሉልኝ፤ ሳይደውሉ እኛ ቤት በጠዋት መምጣት ትተዋል። ዮናስ ከላይብረሪ ወፍራም መጽሐፍ ተውሶ ነበር፤ የመጽሐፉ ሞተርና የእኛው ሞተር ግን ስማቸው እንጂ መልካቸው አንድ አይደለም። ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ ዘርግፈው ሲከራከሩ አረፈዱ። ዮናስ አንዱን ረጅም ብሎን ከፊት ሊያስገባው ሲል «እሱ ከኋላ ነው የወጣው» አልኩት። «ሀው ዱ ዩ ኖው፣ እትዬ?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። ስትፈታው አብርቼልህ ነበራ! ከዚያ አንድ በአንድ መጣልኝ። ይሄ ክርንህን የላጠው ነው፤ ይሄ በፒንሳ ጎትተህ ያወጣኸው፤ እነዚህ አጫጭሮቹ አውራ ጣትህ ሥር የሚጠፉት። ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ እጅህን ሳይ ነው የኖርኩት።

ሲመሽ የጋራዡን በር ወለል አድርገን ከፈትንና ቁልፉን ለሩት ሰጠኋት። ሁለቴ አስሎ ተነሳ! ያቺ ብርቱካናማ ጉደኛም አብራ በራች፤ አንዲት ብሎንም ተርፋለች። ዮናስ ሰኞ ሾፕ ወስደን በማሽን ይዩልን አለ። ይዩት። ጋሼ ወርቁ ግን እንዳንተ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ይሄ መኪና ምንም የለውም» አሉ። ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የእናትህ መርዶ ጠዋት አንተ ያልካቸው ቃል ነበር። ቀድማ ያለቀሰችው ሩት ናት፤ መሪው ላይ ተደፍታ፣ «ዳዲ» እያለች። እኔም ዓመት ሙሉ አምቄ የያዝኩት ወጣልኝ።

ጌትዬ፣ ጠዋት በራችን ላይ መኪና ሲቆም አሁንም ባርኔጣ ያወለቀ ሰው እንዳለ መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። ቢሆንም እወጣለሁ። የእጅ መብራትህ ሚስማሩ ላይ ነው፣ የተረፈችዋን ብሎን ከሥሩ አስቀምጫታለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ዮናስ ኮፈን በከፈተ ቁጥር መብራቱን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ፤ እኔ የማየውን ሳይሆን አንተ ታየው የነበረውን አበራለታለሁ።

ያንተው ሰናይት