የአባባ ጣትና ራሱን የሚቆጣጠር እሳት

ውድ አክስቴ ዴሳንካ፣

የአባባ የእግር ጣት አልተቆረጠም። ይህን ያስቀደምኩት ቤልግሬድ ሆነሽ ደብዳቤውን እየተጨነቅሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። አሁን አረፍ በይ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እስከ ወሩ መጨረሻ ቁስሉ መግጠም ካልጀመረ ጣቱ ይቆረጣል» ብላ ከሄደች በኋላም አባባ አመላቸውን አልተዉም። አረቄው ሲወጣ መጀመሪያ የሚወርደውን፣ ለመጠጥ የማይሆነውን ኃይለኛውን፣ በየጠዋቱ ቁስላቸው ላይ ያፈሳሉ። «ካላቃጠለ መድኃኒት አይደለም» ይሉና ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። በስልክ ያስረዳሽኝን ስነግራቸው፣ «ያቺ ቆዳ አልፊ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን ትልክብኝ ጀመር?» አሉ። የቆዳ ሴል ላጥና ብለሽ የፕለም ፍሬ እርሻውን ትተሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን እንደማይጠሩ ታውቂያለሽ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት የፕለም አረቄ እያወጣን ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ቲሆሚር ቶሎ ሊቀምሱ ቸኩለው ከድስቱ ሥር ግንድ ጨመሩ። አባባ ግንዱን በከዘራቸው ጎትተው አወጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ አረቄ ነው ወይስ ከሰል የምታወጣው? እሳቱን በልክ ካልያዝከው ሁሉም ያርራል።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። «አባባ፣ ቆዳዎም እኮ አረቄ ያወጣል» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች ጀርም ሲመጣባቸው የሚገድለውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ሲሄድ ይቀንሳሉ። ካነሰ ጀርሙ ይገባል፤ ከበዛ የገዛ ቤታቸውን ያቃጥላል። እርስዎ ግን ጀርሙንም አረቄ አውጪዎቹንም አንድ ላይ ይፈጃሉ።»

«እሳቱን ማን ይይዝላቸዋል?» አሉ አባባ።

«ማንም። ራሳቸው።»

ጋሽ ቲሆሚር በሳቅ ፈነዱና ወደ አባባ ዞሩ። «ራዲሳቭ፣ እግርህ ላይ ሲሆን ለካ ግንድ የሚጨምረው ቲሆሚር አንተ ነህ።»

አባባ ጎንበስ ብለው እሳቱን አስተካከሉ። በማግስቱ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ነርሷ ያለችውን ጨው ያለበት ውሃ አምጪ» አሉኝ።

ትናንት ወሩ አለቀ፤ ነርሷም መጣች። ከቁስሉ ዳር ስስ ሮዝ ቆዳ ወደ መሃል እየተሳበ ነው። «መቁረጥ የለም» አለች። አባባ አሁን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሴሎቹን ያገኟቸው እሳቸው ነው የሚመስለው። ጋሽ ቲሆሚር ቁስሉን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ፣ «ዞር በል፣ ሥራ ላይ ናቸው» ይሏቸዋል።

ልጽፍልሽ ስቀመጥ አዩኝ። «ከመሃለኛው አረቄ፣ ከምርጡ፣ አንድ ጠርሙስ አስቀምጫለሁ በያት» አሉ። «ለቁስል አይደለም። ዴሳንካ ስትመጣ ይከፈታል።»

ስምሽን እንዲህ ነው የጠሩት፤ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ።

የእሁዱን አውቶቡስ ያዢ። እስከዚያው ጠርሙሱን ከጋሽ ቲሆሚር እጠብቃለሁ።

ምላሷን መያዝ ያቃታት የወንድምሽ ልጅ፣
ያጎዳ