ስለ ሦስተኛው መተኮሻ ቀይ ቁልፍና ስለ እንግሊዝኛዎ

ለተከበሩ የልብስ ማጠቢያ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ እጆችዎም እንደ ወትሮው ሙሉ ይሁኑልዎ እያልኩ ይህን የምጽፍልዎ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችዎን ተርጉሜ በሠራተኞች ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ጸሐፊዎ ነኝ።

፩. የሦስተኛው አንሶላ መተኮሻ ማሽን ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ እንደማይሠራ ታናሽ እህቴ ከባልደረቦቿ ጋር ሦስት ጊዜ ስታመለክት፣ መጀመሪያ «ኖትድ»፣ ቀጥሎ «አክኖውሌጅድ»፣ በመጨረሻም «አንደር ሪቪው» ብለው ስለመለሱላቸው ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ማመልከቻው ተነቧል፣ ሁለተኛው መነበቡ ታምኗል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ሊነበብ ነው ማለት እንደሆነ ባስረዳም፣ የመተኮሻ ክፍል ሴቶች «ታዲያ ቁልፉን ማን ነካው?» እያሉ አስቸገሩኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝ።

፪. ማሽኑ የእህቴን ቀኝ እጅ ከአንሶላው ጋር ይዞ በገባ ዕለት፣ እሷም በግራዋ ቁልፉን ደጋግማ በመታችበት ዕለት፣ በሪፖርቱ ላይ «አክሲደንት» ብዬ የጻፍኩትን በገዛ እስክሪብቶዎ ሰርዘው «ኢንሲደንት» ስላደረጉልኝ ባለውለታዬ ነዎት። የፊተኛው ከሆነ ማሽኑ ቆሞ እንደሚመረመር፣ የኋለኛው ከሆነ ግን ለሠራተኞች የጥንቃቄ ምክር ተሰጥቶ ሥራው እንደሚቀጥል አላውቅም ነበር። ማሽኑ ከምሳ በፊት እንደገና ሥራ ጀመረ። እህቴን ያን ጊዜ ገና ሐኪም አላያትም ነበር።

፫. «አፖሎጂ» ጥፋትን ማመን ስለሆነ፣ «ሪግሬት» ግን ባለቤት የሌለው ሐዘን ስለሆነ፣ ለእህቴ በላኩት ደብዳቤ ሁለተኛውን መርጠዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሕግ ክፍልዎ ግን እንባውንም መጥኖ ነው የሚያወጣው። ደብዳቤውን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ይቅርታ ብለውኛል?» አለችኝ። ቃላቱን መለየት ስላስተማሩኝ «ታዝኗል ይላል» አልኳት።

፬. አራተኛ አቤቱታም ነበረኝ። የትኛው ቃል እንደሚጠብቀው ስለማውቅ ተውኩት።

ምላሽዎን ተስፋ ሳላደርግ፣ ቢመጣ ግን አንዲት ፊደል ሳላጓድል እንደምተረጉመው ቃል እየገባሁ፣ ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣

የእርስዎ ጸሐፊ፣ የእሷ ታላቅ

ማሳሰቢያ፦ በእህቴ ቦታ አዲስ ሴት መድበዋል። ትናንት በቀዩ ቁልፍ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። «አቁም ይላል፤ ግን አያቆምም» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀችና አንሶላዋን ወደ ማሽኑ አስገባች።