«ኖር» ያለችው ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰሚት

ጥፋቱ የመምህርት ሊያ ነው። የልጅ ልጄን ሜሮንን ረባሽ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን አስቀምጣታለች። ዛሬ አስጠራችኝና ሄድኩ። ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል አናገረችኝ።

«እማማ፣ በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ብድግ ብላ ‹ኖር› ትለኛለች። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እያሾፈችብኝ ነው።»

«ታላቅ ሲመጣ ተነስተሽ ኖር በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ‹በእግዜር› ብትያት ትቀመጥልሽ ነበር።»

«ይቅርታ እማማ፣ የልጅ ጠባይ ማወቅ ሙያዬ ነው» አለች፣ ስልኳን እያየች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪዬ የልጄ እኩያ ነበር፤ ሲገባ ግን እነሳለት ነበር። ይቺ ዲግሪ ጭና አክብሮትን ከሹፈት አትለይም። እግዜር ያስረጃትና አውቶቡስ ውስጥ የሚነሳላት ትጣ!

ቤት ስመለስ ሜሮን ሶፋው ላይ ነበረች። ስታየኝ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«መነሳት ረብሻ ነው ብለውኛል እኮ፣ እማዬ።»

ልቆነጥጣት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ፊቷ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷን አርመውልኛል። ከእንግዲህ ተነሺ አልላትም።