ኮክቴልና የአባባ ፈረስ

ሰኞ

አባባ አልመጣም አሉ። በስልክ፣ በአጭሩ።

ቅዳሜ ሊሙ ገነት ላይ የገበሬዎች ማኅበሩ አዲሱን የቡና ማጠቢያ ያስመርቃል፤ መስተንግዶው የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ከሠርግና ከሰደቃ በቀር ደግሼ አላውቅም። ይህ ከሰመረ ሌሎች ማኅበራትም ይጠሩኛል። ካልሆነ ተመልሼ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ጁስ ቤቴ ውስጥ አቮካዶ መላጥ ነው። መራቂው ደግሞ አባባ ናቸው። ማጠቢያው ያረፈበትን መሬት የሰጡት እሳቸው፤ እሳቸው ከቀሩ ገበሬው ድርሽ አይልም።

ያስቀየማቸው መጥሪያው ላይ ያለው ቃል ነው፦ «የኮክቴል ግብዣ»። ባለፈው ዓመት ጅማ ውስጥ አንድ ኮክቴል ተጠርተው ነበር። መቀመጫ የለም። በአንድ እጅ ሳህን፣ በአንድ እጅ ብርጭቆ፣ ከዘራው ብብታቸው ሥር። ጉልበታቸው አብጦ ተመለሱ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው» አሉኝ ዛሬ።

ማክሰኞ

የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ አቶ ታደሰን ወንበር ለመንኳቸው።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ ወንበር ከገባማ ምሳ ሆነ። ቡና ገዢዎቹ እየተዘዋወሩ ከሁሉም ጋር እንዲያወሩ ነው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። አዲስ አበባ ያዩትን እዚህ ማሳየት ፈልገዋል።

የሚቀርበው፦ ሳምቡሳ፣ ጭኮ፣ ቴምር፣ ብርዝ በዝንጅብል፣ ባለ ሦስት ቀለም ጭማቂ። አልኮል የለም። ምግቡ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የአባባ ጉልበት ነው።

ረቡዕ

ልጄ ሐያት «ቃሉን ላስረዳቸው» ብላ ለአያቷ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

አንዱ ወሬ የአውራ ዶሮ ጭራ ማለት ነው ይላል፤ መጠጡ እንደ ጭራው ብዙ ቀለም ስለነበረው።

«ዶሮው የታለ ታዲያ? እኔን ያበሉኝ ብስኩት ነው!»

ሌላው፣ ፈረንሳዮች መጠጡን በእንቁላል ማቅረቢያ ስኒ ይቀዱት ስለነበር ከስኒው ስም መጣ ይላል። ሦስተኛው የእንግሊዞች ነው። ዝርያው የተደባለቀ ፈረስ ጅራቱ ይቆረጥ ነበርና ቃሉ የዚያ ፈረስ መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ለተደባለቀ መጠጥ ዋለ።

«ማል ጄታ? ምን አልሽ? የፈረስ ጅራት ይቆርጣሉ?» አባባ ጮኹ። «ዝንቡን በምን ያባርር?»

«አባባ፣ የቱ እውነት እንደሆነ እኮ በእርግጥ የሚያውቅ የለም።»

«ፈረሱ ነው። ቆሞ የሚበላ አላልኳችሁም?»

የራሳቸውም ስም የፈረስ ነው። በወጣትነታቸው ማጫ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፤ አባ ማጫ የተባሉት በእሱ ነው። አሁንም አንድ ያረጀ ዳማ ፈረስ አላቸው።

ስልኩን ሲዘጉ «ኢንሻአላህ» አሉ። መምጣት ይሁን መቅረት አልገባኝም።

ዓርብ

ሊጥ። ዘይት። ሐያት ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠች። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ብርዙ ግን ጥሩ ወጥቶልኛል። ከአባባ ድምፅ የለም።

ቅዳሜ

ገዢዎቹ ድንኳን ውስጥ ቆመው ያወራሉ። ሽማግሌዎቹ አጥር ተደግፈው አባባን ይጠብቃሉ። ሳህን የነካ የለም። ትሪ ይዤ ብዞር «በረካ ሁኚ» እያሉ ይመልሱልኛል።

አባባ መጡ። በፈረሳቸው። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አቆሙት፣ አልወረዱም።

«አባ ማጫ፣ ይውረዱ እንጂ» አሉ አቶ ታደሰ።

«ወርጄ የት ልቀመጥ?»

«ግብዣው እኮ ኮክቴል…»

«አውቃለሁ፤ የልጅ ልጄ ነግራኛለች። የፈረስ ስም ነው። ይኸው በፈረስ መጣሁ። እኔ ተቀምጫለሁ፤ የሚቆመው እሱ ነው።»

አጥሩ ጋ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ «እኛስ? ፈረስ የለን!» አሉ። ሳቅ ሆነ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራዬ አበቃለት ብዬ ነበር።

አቶ ታደሰ ወደ አጥሩ ዞረው ሽማግሌዎቹን አዩ። ከዘራዎቹን፣ ባዶ እጆቹን። ፊታቸው ቀላ። «የእድሩን አግዳሚ አምጡ» አሉ።

ወጣቶቹ አግዳሚ ተሸክመው ወደ ድንኳን ሲገቡ መንደሩ ደነገጠ። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየሮጠች ደረሰች።

«ማን ሞተ?»

«ኮክቴሉ» አሉ አቶ ታደሰ።

ለእሷም ሳምቡሳ ሰጠኋት።

አባባ ወረዱ፣ ተቀመጡ፣ መረቁ። ገዢዎቹም ከሽማግሌዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «አሚን» አሉ። ወሬው ያኔ ደራ። ዞር ስል ፈረሱ አንድ ትሪ ጭኮ ጨርሷል። ገብስ አይደል። ቆሞ የበላ እሱ ብቻ ነው።

እሁድ

እግሬ ተሰነጣጥቋል። አቶ ታደሰ ደወሉ። አጋሮ ያለ አንድ ማኅበር ስለ እኔ ጠይቋቸዋል።

«ምን አሏቸው?»

«ሙያዋ ጥሩ ነው፤ ስትጠሯት ግን አባቷን አትርሱ አልኳቸው።»

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም። ማኅበሩ እስካሁን አልደወለም።

ከሰዓት አባባ ደወሉ። ጉልበታቸው ደህና ነው። ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ሐያትን አገናኚኝ አሉ።

«እነዚያ እንግሊዞች አሁንም ይቆርጡታል?»

«ተከልክሏል አባባ። ትተዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዘጉ።