ጎዋ ላይ ገመዱን የያዘው መንጠቆ

ወንድሜ ቺዳናንድ፣

እዚያ ባንጋሎር የጦር ጄታችን እንደ ልቡ ይንደረደራል፤ እዚህ ጎዋ ግን ወደፊት ባሕር ላይ የሚያርፍባትን የትንሿን መርከብ ልክ ሜዳው ላይ በነጭ ቀለም አስምረን፣ እዚያች ውስጥ ቁም እንለዋለን። አንተ የነደፍከው የጄቱ ጅራት መንጠቆ ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳው ላይ በተዘረጋው ማቆሚያ ገመድ ላይ እየነጠረ አለፈ። አለቆቹ «ይቀየር» አሉ፤ ተጣላኋቸው። ዛሬ ጠዋት የመንጠቆውን ሞላ ጠበቅ አደረግን። ሽማግሌው መካኒክ ፑንዳሊክ ደግሞ ለበረከት ብሎ ጎማው ስር ሎሚ አስቀመጠ።

«ሰውዬ፣ ሞተሩ ፍሬውን ቢውጠውስ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጌታዬ፣ ፍሬውንማ ቤቴ ለቅሜ አውጥቼው ነው የመጣሁት!»

መንጠቆው ያዘ! ጄቱ ለመጨረሻው ነጭ መስመር አራት ሜትር ሲቀረው ቆመ። የሞላው ሥራ ይሁን የንፋሱ ግን ገና አልገባኝም፤ መላ ምትህን ጻፍልኝ። የቀዶ ጥገና ቁስልህ ይሻርልህ፤ ለሚስትህ ለሱማ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ቶሎ ተነስና ና፣ ለብቻዬ መጣላት ሰለቸኝ።

ጉሩራጅ